ጎዶሎ ጠርሙስ

ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር፣ የነቀዟ ዶክተር ኮምፒውተሯን ከፍታ የአንባቢዎቿን አስተያየት ማየት ጀመረች። ይህን ስም ያወጡላት የዩኒቨርሲቲው ባልደረቦቿ ናቸው። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፤ በኋላ ግን በሯ ላይ ብትጽፈው እንኳ የማታፍርበት ስም ሆነ። ሥራዋ መጋዘን ውስጥ ያለ በቆሎ የሚበላውን ነቀዝ ማጥናት ነው። ሰው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከነቀዝ ጋር ሲውል ወይ ይሰለቸዋል ወይ ይወደዋል። እሷ እየገደለችውም ቢሆን ወዳዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ከፕሮፌሰሩ ጋር የሠራችው ጥናት በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ፕሮፌሰሩ የቀድሞ አስተማሪዋ፣ የዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ግኝቱ ቀላል ነው፤ በቆሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ከታሸገ ነቀዙ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና በአሥራ ሁለት ቀን ያልቃል፣ መርዝ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ደስታዋ ግን ሳምንት አልቆየም። መጽሔቱ ላይ ጥናቱን የከፈተው ሰው ሲቆጠር አራት ሆነ። ከአራቱ አንዷ እናቷ ነበሩ፣ እሳቸውም ከርዕሱ አላለፉም።

«ልጄ፣» አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄን የጻፍሽው ለነቀዙ ነው ለሰው?»

ያ ጥያቄ ከነከናት። በዚያው ሳምንት ብሎግ ከፈተችና ያንኑ ጥናት እናቷ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆሙ በሚያነቡት አማርኛ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትጽፋለች። ነቀዝ ሲነኩት የሞተ መስሎ እንደሚተኛ፣ እንዴት ፍሬውን በስቶ እንቁላሉን እንደሚደብቅ፣ ሁሉንም ትነግራቸዋለች። ዘጠኝ ሺህ ሰው ያነባታል። ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ። አራት አንባቢ ለነበራት ሴት ዘጠኝ ሺህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም።

የዚያ ሰኞ አስተያየት እንዲህ ይላል።

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት መጋዘን ያዥ ነኝ። ልጆቹ እትዬ ቁልፍ ይሉኛል። ያሉትን አንድም ሳላጎድል አድርጌአለሁ። በቆሎውን በርሜል ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፣ በላዩም ላስቲክ ጠቀለልኩበት። በአሥራ ሁለት ቀን ያልቃሉ ብለው ነበር። ዛሬ ሃያኛ ቀኑ ነው፣ ከፍቼ አየሁ። አላለቁም። እንዲያውም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውዎታል።»

ዶክተሯ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ምክንያቱም ከሥር ሌሎች ሦስት ሰዎች «የእኛም አልሞተም» ብለው ጽፈዋል።

ወሬ የክፍሉ ኃላፊ ጋ ለመድረስ እግር አያስፈልገውም። አራት ሰዓት ሳይሞላ ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው አስጠሯት። ፕሮፌሰሩ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው የሚሰለፉ ሰው ናቸው። ብሎጉን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም፤ የክፍሉ ስም ያለበት መሆኑ ደግሞ ሁሌ ያሳክካቸው ነበር።

«አስተያየቱን ሰርዢው፣» አሏት ሳያስቀምጧት። «ጽሑፉንም ጭምር።»

«ሴትዮዋ እኮ ያየችውን ነው የጻፈችው።»

«ማን ናት እሷ? ምን አጥንታ ነው? ማስረጃዋ የታለ?»

«በርሜል አላት፣» አለች ዶክተሯ።

ፕሮፌሰሩ አተኩረው አዩዋት። እንዲህ ሲያዩ አንድ ትውልድ ተማሪ አንገቱን ደፍቷል።

«ስሚኝ፣» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ጥናት ላይ የመጀመሪያው ስም የኔ ነው። ሠላሳ ጊዜ ሠርተነዋል፣ ሠላሳ ጊዜ አልቀዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬሽ ነበር። ሳይንስ በአደባባይ አይሠራም። ከስድስት ሳምንት በኋላ የክፍሉ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ገጹ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን አጀንዳ አስይዤዋለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ስህተት ስላልተገኘብሽ ነው።»

ከቢሮው ወጣች። ፈርታ ነበር፣ ለምን ይደበቃል? ገጹ ከተዘጋ ዘጠኝ ሺህ ሰው ፊት የተናገረችው ቃል ሳይታረም ይቀራል፤ እትዬ ቁልፍም የልጆቹን ምግብ ከነነቀዙ ይዛ «የተማሩት ዋሹኝ» እንዳለች ትኖራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አፋፉ የትየለሌ ነው። ስህተት ካለ መገኘት አለበት፣ ያውም ኮሚቴው ሳይቀመጥ።

አስተያየቱን አልሰረዘችም። ስልክ ቁጥር ጠይቃ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«እርስዎ ነዎት ዶክተሯ? ውይ! እኔ ደግሞ አሮጊት ናቸው ብዬ፤ አንቺ ልጅ አይደለሽ እንዴ!» አለች እትዬ ቁልፍ፣ እዚያው በዚያው ከአንቱታ ወርዳ።

«ልጅስ አይደለሁም። እትዬ፣ ያደረጉትን አንድ በአንድ ይንገሩኝ። ትንሽ ነው ብለው አይለፉት።»

እትዬ ቁልፍ ለመናገር የምትለመን ሴት አልነበረችም። የበርሜሉን ቀለም ነገረቻት፣ ማን እንዳጠበው ነገረቻት፣ ያጠበው ዘበኛ ሚስት ሊያገባ መሆኑን ነገረቻት። ዶክተሯ እየሰማች ትጽፋለች። ክዳኑ ደህና ነው። ላስቲኩ ደህና ነው። በሃያ ቀን ውስጥ አንዴም አልተከፈተም።

«በርሜሉ እስከ የት ድረስ ነው የሞላው?» አለች በመጨረሻ፣ ሌላ የምትጠይቀው ስላጣች ብቻ።

«እንዴ፣ ግማሽ ነዋ! ሙሉ እህል ቢኖረኝ ኖሮ ምን አስጨንቆኝ አንቺ ጋ እጽፋለሁ? ሰው የሚጨነቀው ለተረፈችው ነው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አመስግና ስልኩን ዘጋችና ደረጃውን እየዘለለች ወደ ላቦራቶሪ ወረደች።

ላቦራቶሪው የጋሽ ጠርሙስ ግዛት ነው። ጋሽ ጠርሙስ ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ጠርሙስ ሲያጥቡ፣ ሲሞሉና ሲደረድሩ የኖሩ ቴክኒሺያን ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነው። መደርደሪያው ላይ የነቀዝ ጠርሙሶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፣ ሁሉም አፋቸው ድረስ ጢም ብለው የሞሉ።

«ጋሼ፣ ለሙከራ ስንዘጋቸው ጠርሙሶቹን እስከ የት ነው የሚሞሏቸው?»

«ምን ማለትሽ ነው? አፋቸው ድረስ ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ! ፕሮፌሰሩ ገና ጎረምሳ መምህር ሳሉ፣ እኔም ገና ስቀጠር፣ አንድ ቀን ጎዶሎ ጠርሙስ አይተው ‹ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጎዶሎ አታሳየኝ፣ ሥራ መምሰል አለበት› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ጎዶሎ አያውቅም።» ኩራታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

ጉዱ ይኸው ነው። የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ለነቀዙ የሚተርፈው አየር በፍሬዎቹ መሃል ያለችው ብቻ ናት፤ ቶሎ ያልቅበታል፣ እሱም ያልቃል። ግማሽ ከሆነ ግን ከላይ አንድ ሳሎን የሚያህል አየር አለው። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዶክትሬቱ ሳያስቸግር አልቀረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ሁሉ ሞልቶ ስለኖረ፣ መሙላቱን «የአሠራር ዘዴ» በሚለው ክፍል ውስጥ የጻፈ የለም። ሰው ሙከራ ሲሠራ መተንፈሱን እንደማይጽፈው ማለት ነው።

ግን ጥርጣሬ ግኝት አይደለም። ለማረጋገጥ ጠርሙስ፣ ጊዜና እጅ ይፈልጋል፣ ያውም ከሰው ቤት ሙቀትና ከሰው ቤት እህል ጋር። ዶክተሯ ቁጭ ብላ አሰበችና ማክሰኞ ጠዋት ብሎጉ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች።

«ተሳስቻለሁ። በአሥራ ሁለት ቀን ያልቃል ያልኳችሁ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለምን እንደተሳሳትኩ የምጠረጥረው ነገር አለ፣ ግን አሁን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ዓይናችሁ የፈለግሁትን ያያል። ከፈቀዳችሁ አብረን እንፈትነው። ሦስት የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ውሰዱ። በየአንዳንዱ ሃምሳ ነቀዝ ጨምሩ። አንዱን በበቆሎ ሙሉ፣ ሌላውን እስከ ግማሹ፣ ሦስተኛውን እስከ ሩቡ። ከድናችሁ አሥራ አራት ቀን አትንኩት። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡና በሕይወት ያለውን ቁጠሩ። ተጠንቀቁ፣ ነቀዝ የሞተ መስሎ ያታልላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳትጠብቁ ሞተ አትበሉ።»

ፕሮፌሰሩ ይህን ያነበቡት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ኮሪደር ላይ አገኟትና ሌሎች መምህራን እየሰሙ፣ «በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች፣» ብለዋት አለፉ። ጎዶሎ ጠርሙስ አታሳየኝ ያሉት ማን እንደሆነ ልትነግራቸው አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው። የገዛ አስተማሪዋን ኮሪደር ላይ ማዋረድ አልሆነላትም፤ ደግሞስ ቁጥር ሳይኖራት ምን ብላ?

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ነቀዝ የተፈለገበት የመጀመሪያው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። «እኛ ቤት ሠላሳ አንድ ብቻ ተገኘ፣ ከጎረቤት መበደር ይቻላል?» ብሎ የጻፈ አለ። አንዲት ልብስ ሰፊ ነቀዙን በመርፌ ክር ማስገቢያ መነጽሯ እያየች ቆጠረች። አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ «አርባ ዘጠኝ ቆጥሬ ሃምሳኛው በረረብኝ፣ ልድገመው?» አለ። ጠርሙሱ የተደፋበት፣ ክዳኑ የላላበት፣ ድመት የጣለችበትም ነበር፤ እነዚያን እየለየች ከዝርዝሩ አወጣች።

እናቷ ሦስት ጠርሙሳቸውን መስኮት ላይ ደርድረው እንደ አራስ ልጅ ይጎበኟቸው ነበር።

«ለኔ ለእናትሽ እንኳን አትነግሪኝም? የትኛው ነው የሚሞተው?»

«እማዬ፣ ከነገርኩሽ ቁጥርሽ አይቆጠርም።»

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ ለዚህ ነው?» አሉና አኮረፉ። በአሥራ አራተኛው ቀን ግን ነጩን ሳህን ራሳቸው አወጡ፣ ሰዓታቸውን አጠገቡ አስቀመጡ፣ ሙሉውን ጠርሙስ ገልብጠው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ። አንድም አልተነሳም። ሩቡን ጠርሙስ ሲገለብጡት ግን ነቀዙ ሳህኑን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። «ኧረ ያዙልኝ! ሞቱ ያልኳቸው ሁሉ እየተነሱ ነው!» እያሉ በማንኪያ ሲያባርሩ ልጃቸው በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ኮሚቴው የተቀመጠው በስድስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ አምስት ብርጭቆ ውሃ። ፕሮፌሰሩ በሰብሳቢው ቦታ፣ በቀኛቸው የስታቲስቲክስ መምህሯ። ይህች ሴት በአንድ ነጥብ ጉዳይ የዶክትሬት ተማሪ አስለቅሳለች ይባላል፤ አስለቃሿ ራሷ ግን ነገሩን አታስታውሰውም። ጋሽ ጠርሙስ ለማሳያ የሚሆኑ ሦስት ጠርሙሶች ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ሁለቱ ጎዶሎ ስለሆኑ ዓይናቸውን ወደ ፕሮፌሰሩ አላነሱም።

ዶክተሯ ወረቀቶቹን አደለች። «ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ቤት ቆጥሮ ልኮልኛል፣» አለች። «ከሃምሳ ነቀዝ፣ በሞላው ጠርሙስ በአማካይ አንድ ተርፏል። በግማሹ ሃያ አንድ። በሩቡ ሠላሳ ስምንት።»

«ይሄን ሁሉ የቆጠረው ማነው? የቤት እመቤትና ጡረተኛ?» አለ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ አባል።

«አዎ።»

የስታቲስቲክስ መምህሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። «የቆጠሩት ሰዎች ምን ውጤት እንደሚጠበቅ ያውቁ ነበር?»

«አላወቁም። እናቴ እንኳን አኩርፋኛለች።»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። የስታቲስቲክስ መምህሯ አልሳቀችም። ዝርዝሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ማስላት ጀመረች። አንዱን ገጽ ገለጠች፣ ወደኋላ ተመለሰች፣ አንድ ቁጥር አከበበች፣ እንደገና አሰላች።

«በእኛ ላቦራቶሪ ብንሠራው ስንት ጠርሙስ እንሠራ ነበር?» አለች መምህሯ ቀና ሳትል።

«ሠላሳ፣» አሉ ጋሽ ጠርሙስ ከበሩ።

«እዚህ ያለው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ነው።» እስክሪብቶዋን ከደነች። «ከሙቅ ቤትም ከቀዝቃዛ ቤትም መጥቶ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። የተዝረከረከውን ማውጣቷን ጽፋለች፣ ለምን እንዳወጣችውም ጽፋለች። እኔ በዚህ ክፍል ከዚህ የጠራ ሥራ ካየሁ ቆይቻለሁ።»

ዶክተሯ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወደ መስኮቱ ዞራ ጠረገችው።

«አንድ ነገር ብቻ፣» ቀጠለች መምህሯ። «የመጀመሪያው ጥናት ላይ ጠርሙሶቹ መሞላታቸው አልተጻፈም። እንዲሞሉ ያዘዘው ማን ነበር?»

ዶክተሯ ዓይኗን ከፕሮፌሰሩ መለሰች። ጠረጴዛውን አየች።

«እኔ ነኝ፣» አሉ ጋሽ ጠርሙስ። ጠርሙሶቹን እንዳቀፉ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። «በራሴ ፈቃድ ነው። ለዓይን እንዲያምር ብዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌው ሲዋሹ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር። ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው፣ ሰሚውን እንኳን ያሳቅቃል።

ፕሮፌሰሩ ያን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሱ።

«አይደለም፣» አሉ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። «እሱ አይደለም። ጎዶሎ አታሳየኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀኑን አስታውሰዋለሁ፤ ከውጭ እንግዳ ይመጣብኝ ነበር፣ መደርደሪያው እንዲያምርልኝ ፈለግሁ። ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚሞላ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።» ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«ከዚያ ሰኞ ጀምሮ።»

«ኮሪደር ላይ በቅሎ ስልሽም ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ የሰብሳቢውን ወንበር ወደኋላ ገፍተው፣ «በዚህ አጀንዳ ላይ እኔ መምራት አይገባኝም፣» አሉና ሄደው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። ስብሰባውን የስታቲስቲክስ መምህሯ ጨረሰችው። ቃለ ጉባኤው አጭር ነው፦ ገጹ ይቀጥላል፣ የክፍሉ ስምም እላዩ ላይ ይቆያል። ለመጽሔቱ ማረሚያ ይላካል፣ ማረሚያው ላይ የሦስት መቶ አሥራ ሰባቱም ቤቶች ስም ይሰፍራል። «ይዘጋ» ብሎ እጁን ያወጣ አልነበረም፣ ፕሮፌሰሩም ጭምር።

ዶክተሯ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ እየሮጠች ነበር። የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ፣ በኮሪደሩ መሃል! ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው አሳለፏት። ውጤቱን፣ ምክንያቱንና አዲሱን መመሪያ በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው፤ ዕቃው ሙሉ ይሁን፣ እህሉ ትንሽ ከሆነ ዕቃው ይነስ። አስተያየቱ እንደ ዝናብ ወረደ። «የኔ ቤት በዝርዝሩ ላይ ሃምሳ ስምንተኛ ነው፣ ልጆቼ ስማችን የት ይወጣል እያሉ አስጨነቁኝ» ይላል አንዱ። ልብስ ሰፊዋ፣ «ሳይንቲስት ነኝ ብዬ ለደንበኞቼ እየተናገርኩ ነው፣ ውሸት ነው?» ብላለች። ዶክተሯ «እውነት ነው» ብላ መለሰችላት፣ ስትጽፈውም አመነችበት።

በሩ ተንኳኳ። ፕሮፌሰሩ ናቸው፣ እርሳስ ሳይዙ።

«እዚህ ላይ ሰው እንዴት ነው የሚጽፈው?» አሉ ስክሪኑን በአገጫቸው እያመለከቱ።

ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ፕሮፌሰሩ በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ ሩብ ሰዓት የፈጀ አስተያየት ጻፉ።

«የመጀመሪያውን ጥናት የመራሁት እኔ ነኝ። ጠርሙሱ እንዲሞላ ያዘዝኩት ለምርምር ሳይሆን ለማሳመር ነው። ስህተቱ የኔ ነው። ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ከሥሩ አስገቡና ላኩት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፈተና እንዳስረከበ ተማሪ ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከእትዬ ቁልፍ መልስ መጣ።

«አሁን ገና ፕሮፌሰር ሆኑ።»

ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁና ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ዶክተሯ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ስትሰማቸው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሷም አብራቸው ሳቀች።